በክሜይሚም ሰማይ ላይ የታዩት 13 ድሮኖች፦ የአንድ ጥቃት የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 5 ወደ 6 ቀን 2018 በሚያሻግረው ሌሊት፣ በሶርያ የሜዲትራኒያን ጠረፍ የሚገኙ ሁለት የሩሲያ የጦር ሰፈሮች በአንድ ጊዜ ጥቃት ተሰነዘረባቸው። አሥር ሰው አልባ አውሮፕላኖች በላታኪያ ግዛት ወደሚገኘው የክሜይሚም አየር ሰፈር፣ ሦስቱ ደግሞ በታርቱስ ወደብ ወዳለው የባሕር ኃይል ጣቢያ አመሩ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ጃንዋሪ 8 ባወጣው መግለጫ እንዳስታወቀው፣ ሰባቱን ፓንትሲር-ኤስ የተባለው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ መትቶ ጣላቸው፤ ስድስቱን ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ውጊያ ክፍሎች ቁጥጥራቸውን ነጥቀው አወረዷቸው። ከእነዚህ ስድስት ሦስቱ መሬት ሲነኩ ፈነዱ፤ የቀሩት ሦስቱ ግን እንዳሉ ተያዙ። የሞተ ወይም የቆሰለ ሰው እንደሌለ፣ ንብረትም እንዳልወደመ ተገለጸ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥቃቱ ከሽፏል ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በእጅ ተሠርተው ራሳቸውን ወደ ዒላማ ስለሚመሩ መሣሪያዎች አደጋ መማር ለሚፈልግ ሰው ከክሜይሚም የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ፍርስራሽና ስብርባሪ ብቻ በሆነ ነበር። ስለከሸፈ ግን ሦስት ሙሉ መሣሪያዎች በእጅ ተገኙ፤ የበረራ መረጃቸው ተነበበ፤ ፎቶግራፋቸው ለዓለም ታየ። ከዚያም በላይ፣ ጥቃቱን ተከትሎ በመንግሥታት መካከል የተነሣው ክርክር ዓለም ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ምን ያህል እንዳልተዘጋጀ ከጥቃቱ ባልተናነሰ አጋልጧል።

ጊዜው

ሩሲያ በሶርያ የአየር ዘመቻዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2015 ሲሆን ክሜይሚም የዘመቻው ዋና ማዕከል ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ቱርክ አንድ የሩሲያ ሱ-24 አውሮፕላን ከጣለች በኋላ ኤስ-400 የተባለው ረጅም ርቀት የሚደርስ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ወደ ሰፈሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ክሜይሚም በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማያቸው በጥብቅ ከሚጠበቅ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ዲሴምበር 11 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን እዚያው ሰፈር ላይ አርፈው ለወታደሮቻቸው ንግግር አደረጉ፤ ከሠራዊቱ ጉልህ ክፍል ወደ አገሩ እንዲመለስም አዘዙ። የንግግሩ መንፈስ ሥራው ተጠናቋል የሚል ነበር።

ወር ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 31 ምሽት፣ ሰፈሩ በሞርታር ተደበደበ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሁለት ወታደሮች መሞታቸውን አመነ። ኮመርሳንት የተባለው የሞስኮ ጋዜጣ ሰባት አውሮፕላኖች ወድመዋል ብሎ ዘገበ፤ ሚኒስቴሩ ይህን አስተባበለ። ድሮኖቹ የመጡት ከዚህ ጥቃት በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው።

በስድስት ቀን ልዩነት አንድ ሰፈር ላይ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች የተፈጸሙትን እነዚህን ሁለት ጥቃቶች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ሞርታር አሮጌ መሣሪያ ነው። የሚተኩሰው ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ድረስ መጠጋት አለበት፤ የመንግሥት ጦር በሚቆጣጠረው ክልል ሾልኮ መግባት፣ ቦታ መያዝ፣ ከተኮሰም በኋላ ሳይያዝ መውጣት ይኖርበታል። ዛጎሉ አንዴ ከአፈሙዙ ከወጣ ማንም አይመራውም። የድሮኖቹ ላኪዎች ግን፣ በሩሲያ መግለጫ መሠረት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነበር። በታጣቂ ተቃዋሚዎች እጅ በነበረው የኢድሊብ ግዛት ሙዋዛራ በተባለች መንደር አካባቢ ሆነው ልከዋቸዋል። ሰፈሩን በዓይናቸው ማየት አላስፈለጋቸውም። አንድም የጥበቃ ኬላ አላለፉም።

ሞርታሩ ሰው ገደለ፤ ድሮኖቹ አልገደሉም። እንዲያም ሆኖ ለወደፊቱ የበለጠ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው። በዙሪያ ያለውን መሬት በማጽዳትና ጥበቃን በማጠናከር ሞርታርን ማራቅ ይቻላል፤ ወታደሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚነሣን ጠላት ግን የሰፈር አጥር አይመልሰውም።

የተያዙት ሦስቱ

ጃንዋሪ 11 ቀን የሩሲያ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የሰው አልባ አውሮፕላኖች ልማት ክፍል ኃላፊ ሜጀር ጄኔራል አሌክሳንደር ኖቪኮቭ የተያዙትን ድሮኖች ለጋዜጠኞች አቀረቡ። የታየው ነገር ለብዙዎች አስገራሚ ነበር። አካላቸው ከእንጨትና ከፕላስቲክ በእጅ የተገጣጠመ፣ መጋጠሚያቸው በቴፕ የተጠቀለለ፣ አንዲት ትንሽ ሞተር የተገጠመላቸው ክንፋም አውሮፕላኖች ናቸው። ከክንፋቸው ሥር ትናንሽ ቦምቦች ተደርድረው ነበር። ከሩቅ ሲታዩ የመዝናኛ ሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ቅዳሜና እሁድ የሚያበሯቸውን ይመስላሉ።

በዚህ ድሃ በሚመስል አካል ውስጥ ግን የሳተላይት አቅጣጫ መቀበያና በረራውን በራሱ የሚመራ ትንሽ ኮምፒውተር ነበር። ድሮኖቹን ርቆ ተቀምጦ በእጁ የሚነዳቸው ሰው አልነበረም። የዒላማቸው አድራሻ አስቀድሞ ተሰጥቷቸዋል፤ ተነሡ፣ በጨለማ በረሩ፣ ወደተነገራቸው ቦታ ሄዱ።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈንጂ ለታጣቂ ቡድኖች አዲስ አይደለም። የሚበር ነገር መሥራትም አዲስ አይደለም፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1944 ለንደንን የደበደበችበት ቪ-1 አብራሪ የሌለው በራሪ ቦምብ ነበር። ነገር ግን ቪ-1 አንድን ትልቅ ከተማ ለመምታት እንኳ ብዙ ጊዜ ይስት ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሚሳይልን ከተፈለገበት ነጥብ ማድረስ የኃያላን መንግሥታት ብቻ ችሎታ ሆኖ ቆየ። ቢሊዮኖች የፈሰሱበት፣ በምስጢር የተያዘ፣ በስምምነቶች የታጠረ ጥበብ ነበር። ማንኛውንም ደካማ ቡድን ከሩቅ ዒላማ ሲያግደው የኖረው ይህን የመምራት ችሎታ ማጣቱ ነው፤ የክሜይሚም ድሮኖች ያሳዩትም እገዳው መነሣቱን ነው።

እገዳው የተነሣው በማንም ክፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 መንገዱን ስቶ በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ገብቶ ተመትቶ ሲወድቅ 269 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የጂፒኤስ አገልግሎት ለሲቪል አውሮፕላኖች ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። በሜይ 2000 ደግሞ በሲቪል ተጠቃሚዎች ላይ ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረው የትክክለኝነት ቅነሳ ቆመ፤ ወደ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት በአንድ ሌሊት ወደ አሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። መርከበኞች፣ አምቡላንሶች፣ ገበሬዎች፣ ካርታ ሠሪዎች ሁሉ ተጠቀሙ። በኋላም የስማርት ስልክ ኢንዱስትሪ የእንቅስቃሴ መለኪያዎችንና አነስተኛ ኮምፒውተሮችን በጣም አረከሳቸው። ይህን ሁሉ መልሶ መዝጋት አይቻልም፤ ቢቻልም ሊደረግ አይገባም። የዳነው ሕይወት ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያም አልጠፋም ነበር። ብሩስ ሲምፕሰን የተባለ ኒውዚላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ወጪ፣ ማንም ሰው ገዝቶ ሊያገኛቸው ከሚችሉ ዕቃዎች ክሩዝ ሚሳይል መሥራት እንደሚቻል ለማሳየት እንደተነሣ በይፋ ተናግሮ ነበር። የጊዜው ክርክር ያተኮረው በሰውየው ድፍረት ላይ ነበር። ከሰውየው ይልቅ ያነሣው ጥያቄ ቢታይ ኖሮ ከክሜይሚም በፊት 15 ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ ነበረ።

ማን ላካቸው?

ከጥቃቱ በኋላ የዓለምን ጆሮ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር። የሩሲያ ወገን ክርክር ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አካላቸው ተራ ቢመስልም ድሮኖቹን ፕሮግራም ማድረግና ቦምቡን በትክክለኛው ቦታ መጣል በበለጸጉ አገሮች የሚሰጥ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ትክክለኛ የዒላማ አድራሻም ለሁሉም አይገኝም። መከላከያ ሚኒስቴሩ በዚያ ሌሊት ፒ-8 ፖሴይዶን የተባለ የአሜሪካ የቅኝት አውሮፕላን በታርቱስና በክሜይሚም መካከል ከአራት ሰዓት በላይ ሲዞር እንደነበር ጠቅሶ ነገሩን እንግዳ ግጥምጥሞሽ አለው። ፑቲን በበኩላቸው ድሮኖቹ ሆን ተብሎ ተራ እንዲመስሉ መደረጋቸውን ተናገሩ፤ ቱርክ ግን እጇ እንደሌለበት አረጋገጡ። ከዚያ ቀደም ሲል ሚኒስቴሩ ለቱርክ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ለሁሉሲ አካርና ለስለላ ድርጅቱ ኃላፊ ለሃካን ፊዳን ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ሩሲያ፣ ኢራንና ቱርክ በሶርያ ግጭቱን ለማርገብ በተስማሙበት የአስታና ስምምነት መሠረት በኢድሊብ ቀጣና የተኩስ አቁሙ ዋስ ቱርክ ነበረችና።

ፔንታጎን በጥቃቱ ምንም ተሳትፎ እንደሌለው ገልጾ፣ እንዲህ ዓይነት መሣሪያና ቴክኖሎጂ በገበያ ላይ በቀላሉ ይገኛል ሲል መለሰ።

ሁለቱንም መልሶች ሳጤናቸው በአንዱም አልረካም። ሩሲያ ጀርባው ላይ ታላቅ መንግሥት አለ ስትል፣ በመርህ ደረጃ የምታውቀውን ዓይነት ጠላት እየፈለገች ነበር፤ ከታላቅ ኃይል ጋር ያለ ጸብ ከሞስኮ ጄኔራሎች ልምድ ጋር ይስማማል። በአንድ መንደር ውስጥ እንጨት የሚቆርጡ፣ ቴፕ የሚጠቀልሉ ሰዎች ያን የመሰለ የተጠበቀ ሰፈር ማስጨነቃቸውን ማመን ግን ከባድ ነው። ዋሽንግተን ደግሞ ቴክኖሎጂው በገበያ ይገኛል ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትዘጋው ትክክል ተናግራለች፤ የተናገረችው ግን ራስን ለመከላከል እንጂ ከዚያ የሚከተለውን አስፈሪ መደምደሚያ ለመጋፈጥ አይደለም። በገበያ የሚገኝ ከሆነ ለሁሉም ይገኛል ማለት ነው።

በምርመራ ረገድም ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከባድ ፈተና ነው። አንድ የፋብሪካ ሚሳይል ሲገኝ ተከታታይ ቁጥሩ፣ የብረቱ ቅይጥ፣ የሠሪው ማኅተም ወደ አንድ አገር ይመራል። ከእንጨትና በሁሉም አህጉር ከሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተሠራ ድሮን ግን የትም አይመራም። በክሜይሚም መነሻ ቦታው የታወቀው መረጃ የያዙ ድሮኖች ሳይፈነዱ በመያዛቸው ብቻ ነው። ቦታው ታወቀ፤ ባለቤቱ ግን አከራካሪ ሆኖ ቀረ። አጸፋ የሚወስድ መንግሥት በዚህ ክፍተት ውስጥ የተሳሳተ ጠላት ሊመርጥ ይችላል። በዚያ ሰሞን ሁለት የኑክሌር ኃያላን በሶርያ ሰማይ በተቀራረበ ርቀት ይበሩ እንደነበር ሲታሰብ፣ ከጥቃቱ ይልቅ የውንጀላው አቅጣጫ የባሰ ጣጣ ሊያመጣ ይችል ነበር።

አጸፋው የመጣው ፈጥኖ ነው። ጃንዋሪ 12 ሚኒስቴሩ የሞርታሩን ጥቃት የፈጸመው ቡድን በኢድሊብ ምዕራባዊ ድንበር አቅራቢያ መደምሰሱን፣ ድሮኖች የሚገጣጠሙበትና የሚከማቹበት መጋዘንም ክራስኖፖል በተባለ የሚመራ የመድፍ ጥይት መመታቱን አስታወቀ።

ችግሩ ግን በመጋዘኑ አልተቀበረም። በኦገስት 2018 አጋማሽ የሩሲያ ጦር ቃል አቀባይ ኢጎር ኮናሼንኮቭ በክሜይሚም አካባቢ የተመቱት ድሮኖች ቁጥር 45 መድረሱን ተናገሩ።

የቁጥጥር ስምምነቶቹ የት ነበሩ?

የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥርዓት የተባለው ስምምነት በሰባቱ የኢንዱስትሪ አገሮች የተመሠረተው በ1987 ነው። ዋነኛ መለኪያው 500 ኪሎ ግራም ጭኖ 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መሣሪያ ነው። የሳተላይት አቅጣጫ መቀበያዎችም የራሳቸው ገደብ ነበራቸው፤ ለሲቪል የሚሸጡት ከ18 ኪሎ ሜትር ከፍታና በሰዓት ከ1,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት በላይ እንዳይሠሩ ይደረግ ነበር። የእነዚህ ሕጎች አርቃቂዎች የፈሩት ባሊስቲክ ሚሳይልን ነው። ለጊዜያቸው ትክክል ነበሩ። የክሜይሚም ድሮኖች ግን ዝግ ብለው፣ ዝቅ ብለው፣ ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ይዘው ነው የበረሩት። በአንድም መለኪያ አይያዙም። ድንበር ያቋረጠ የጦር መሣሪያም አልነበረም፤ ድንበር ያቋረጡት የሞዴል አውሮፕላን ሞተርና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ናቸው።

የመከላከሉ ዋጋ

ክሜይሚም ተረፈ። እንዴት እንደተረፈ በጥሞና መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ስኬቱ ሌላ ቦታ የሚገኝ አይደለም። ራዳሮች ነቅተው ነበር። ፓንትሲሮች ዝግጁ ነበሩ። የኤሌክትሮኒክስ ውጊያ ክፍል ነበረ። ከስድስት ቀን በፊት የደረሰው ድብደባም ሁሉንም አንቅቶ ነበር። ይህ ሁሉ ባለበት ከ13ቱ ስድስቱን የመለሳቸው የሞገድ ጣልቃ ገብነት እንጂ ጥይት አለመሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሳተላይት የሚመራ መሣሪያ ያለው ትክክለኝነት ሁሉ ከሰማይ ከሚመጣ ደካማ ምልክት የተገኘ ነው፤ ምልክቱ ሲታወክ ድሮኑ ይታወራል።

ይህ መድኃኒት ግን ለጎረቤት መርዝ ሊሆን ይችላል። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተተከለ መቀበያ በሰበሰቡት መረጃ ከሶርያ ጠረፍ የሚወጣ ኃይለኛ የጂፒኤስ ማወኪያ ምልክት አገኙ። ሲ4ኤዲኤስ የተባለው የዋሽንግተን የምርምር ተቋም በ2019 ባወጣው ዘገባ ምንጩን ከክሜይሚም ጋር አያያዘው። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚበሩ የመንገደኞች አውሮፕላኖች አብራሪዎችም የምልክት መጥፋት ሪፖርት ያደርጉ ነበር። አንድን ሰፈር ለመጠበቅ የተዘረጋ ጋሻ ከጦርነቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ሰዎች በረራ ይነካል ማለት ነው።

የጥይቱስ? አንድ የፓንትሲር ሚሳይል ከሚመታው የእንጨት ድሮን በብዙ እጥፍ ይወደዳል። በማርች 2017 አሜሪካዊው ጄኔራል ዴቪድ ፐርኪንስ አንድ ስሙን ያልጠቀሱት አጋር አገር 200 ዶላር የሚያወጣን አነስተኛ ድሮን 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ የፓትሪዮት ሚሳይል እንደመታ ተናግረው ነበር። ሚሳይሉ ድሮኑን አጥፍቷል። የገንዘቡን ጦርነት ማን እንዳሸነፈ ግን ግልጽ ነው። አጥቂው በየሳምንቱ አሥር ቢልክ ተከላካዩ እያሸነፈ ይደኸያል።

ከዚህ የተነሣ እኔ ትልቅ ግምት የምሰጠው ብዙም ለማይወራለት ነገር ነው፤ መጠለያ። ትናንሽ ድሮኖች የሚሸከሙት ፈንጂ አነስተኛ ስለሆነ አደገኛ የሚሆኑት በሜዳ ላይ ተደርድሮ ለቆመ አውሮፕላን፣ ለተከፈተ የነዳጅ ማከማቻ፣ ለተሰበሰበ ሕዝብ ነው። ሩሲያም በኋላ በክሜይሚም ለአውሮፕላኖቿ ጣሪያ ያላቸው መጠለያዎች ሠርታለች። በሌሎች ሰፈሮቿ ግን ይህ ለዓመታት ብዙም አልተስፋፋም ነበር። ዩክሬን ጁን 1 ቀን 2025 በጭነት መኪና ተደብቀው የገቡ 117 ድሮኖችን በሩሲያ ውስጥ ባሉ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሰፈሮች ላይ ስታሰማራ፣ የተቃጠሉት አውሮፕላኖች ሜዳ ላይ ቆመው ነበር።

ወታደራዊ ያልሆኑ ተቋማት ነገር ደግሞ ይብስ ያሳስበኛል። የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የነዳጅ መጋዘን፣ ሲቪል አውሮፕላን ማረፊያ፦ አንዳቸውም ፓንትሲር የላቸውም፤ እንዲኖራቸውም መመኘት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 19 እስከ 21 ቀን 2018 በለንደን አቅራቢያ ያለው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ በሚል ሪፖርት ብቻ ሲዘጋ 1,000 ያህል በረራዎች ተስተጓጎሉ፤ 140,000 ገደማ መንገደኞችም ተጉላሉ። ፈንጂ አልነበረም። የጎደለው አስቀድሞ የተዘጋጀ የመለያና የውሳኔ ሥርዓት ነበር።

በሕግም በኩል እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ድሮን በሕግ ዓይን አውሮፕላን ስለሆነ መምታቱ ወይም ምልክቱን ማወኩ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ለአገር ውስጥ ደኅንነትና ለፍትሕ ሚኒስቴሮች ግልጽ ሥልጣን የሰጠው ሕግ የወጣው ከክሜይሚም ዘጠኝ ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 2018 ነው። ሥልጣኑም ለፌዴራል ተቋማት እንጂ ለአንድ የኃይል ማመንጫ ጥበቃ ኃላፊ ወይም ለከተማ ፖሊስ አልነበረም። በክሜይሚም ሌሊት ትእዛዝ ለመስጠት አንድ አዛዥ በቂ ነበር፤ በሲቪል ተቋም ግን በአየር ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚለይ፣ በአካባቢው ያሉ በረራዎችን የሚያስጠነቅቅ፣ ምልክት እንዲታወክ የሚወስንና ለውሳኔው በሕግ የሚጠየቅ አካል አስቀድሞ በስም ተለይቶ መጻፍ አለበት። ድሮኑ 50 ኪሎ ሜትር ለመብረር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሊበቃው ይችላል፤ ራዳር ደግሞ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ሊያየው ይችላል። ስልክ እየደወሉ ሥልጣን ያለውን ሰው ለመፈለግ የሚተርፍ ጊዜ የለም።